የሚቀጥለው ወር ግምት

ይገረም ከጎጃም መጥቶ በአዲሱ ክልል የዋጋ መዝጋቢ ሆኖ ሲቀጠር፣ ቢሮው በቂ ወንበር እንኳ አልነበረውም፤ ቅጽ ግን ሞልቶት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አሶሳ ገበያ እየዞረ ዋጋ ይጽፋል። ከማሽላ ነጋዴዋ ከእትየ ሰዕዲያ ጋር የተወዳጀውም እንዲሁ ነው።

ሚስቱ የዝናሽ፣ ሦስት ልጆቻቸውን ይዛ ልትመጣ ነው። ክረምት ገብቶ መንገዱ ከተበላሸ እህል ማግኘት ዘበት ነውና፣ ሁለት ኩንታል ማሽላ በዘጠና በዘጠና ብር ከሰዕዲያ ሊገዛ ተነጋገሩ። ሰዕዲያም ደመወዝ እስኪወጣ ሊያስቀምጡለት ቃል ገቡ።

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ አዲስ ቅጽ መጣ። መጨረሻው ላይ «በሚቀጥለው ወር ዋጋው ስንት ይሆናል ብለው ይገምታሉ?» የሚል ጥያቄ ተጨምሮበታል። ይገረም፣ የዋሁ፣ ነጋዴውን ሁሉ በየተራ ጠየቀ። ብር ከረከሰ ወዲህ ስኳሩም ነዳጁም ሁለቴ የጨመረበት ገበያ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ግን ማንም አልጠየቀም።

ደመወዝ የወጣ ቅዳሜ ጋሪ ተከራይቶ ሄደ። ሰዕዲያ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት ዋጋው መቶ ሠላሳ ገብቷል አሉት። ይገረም ደሙ ፈላ።

«እትየ፣ ቃል ሰጥተውኝ አልነበር? እንደ እናቴ ነበር እኮ ያመንሁዎት።»

«እኔም አንተን አምኖ ነበር» አሉ፣ በርታኛ በሚጫነው አማርኛቸው። «አንተ መንግሥት ነው። መንግሥት ‹የሚመጣው ወር ስንት ይሆናል› ብሎ ከጠየቀ፣ እንደሚጨምር ያውቃል። እያወቀ ለእኔ በዘጠና ሽጥ አለ። ወላሂ፣ ሌላ ሰው ቢሆን አይከፋኝም።»

ምንም እንደማያውቅ፣ ቅጹ ለሁሉም አገር የተላከ ተራ ቅጽ እንደሆነ ማለ፣ ተገዘተ። ማን ይስማው! ሌሎቹ ነጋዴዎችም ማሽላቸውን ለሚመጣው ወር ሸሽገዋል። በያዘው ብር የሚገዛው አንድ ኩንታል ደግሞ አምስት ነፍስ ከክረምት አያወጣም። ለየዝናሽ አትምጪ ብሎ ሊጽፍላት ነው። እንደተከዳ ተሰማው፤ የበለጠ ያንገበገበው ግን ሴትዮዋም እንደሱ የተከዱ መስሏቸው መቅረታቸው ነበር።

የዕለቱ ሥራ አልቀረለትምና ቅጹን አወጣ። የዛሬ ዋጋ፣ መቶ ሠላሳ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ማንንም ላለመጠየቅ ወሰነና ባዶውን ትቶ አጠፈው።

ከሰዕዲያ አጠገብ የተቀመጠችው ነጋዴ ኸድራ አጮልቃ አይታው ኖሯል።

«ዛሬ አልጠየቀም» አለች ለሰዕዲያ። «መጨመሩን እንዳንሰማ ነው።»

ከዚያም ክፍት የነበረውን የማሽላ ጆንያዋን አፉን ጠቅልላ አሰረችው።