ለምስክርነት አንድ መለኪያ

አረቄ የተወ ሰው ሰበታ ውስጥ ሞልቷል፤ መተዉን እንደ ታመነ አሳምሮ የሚያወራ ግን ገና አልተወለደም። ከወላይታ መጥቶ ብሎኬት ሲያመርት የኖረው ታመነ ማይክ ጨብጦ «ወገኖቼ፣ ሞቼ ነበር» ሲል አዳራሹ በለቅሶ ይናጣል።

ነገሩ ሲጀመር እውነት ነበር። ሚስቱ ተስፋነሽ ስካሩ ቢያንገሸግሻት ልጃቸውን ይዛ ተፍኪ፣ እናቷ ቤት ገባች። «አፍህ አረቄ መሽተቱን ሲተው እመለሳለሁ፤ እስከዚያው ደጃችን ድርሽ እንዳትል» አለችው። ተስፋነሽ ደግሞ ካለች አለች ነው። ታመነ ደንግጦ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ የሱስ ሕክምና የምትሰጠው ሲስተር ሚንሃም መድኃኒት አስጀመረችውና በየሳምንቱ እየቀጠረች ታናግረው ጀመር።

«አእምሮ ደስ ያለውን ነገር አይረሳም» አለችው። «መጀመሪያ በአንድ መለኪያ ይረካል። እሷን ሲለምዳት ሁለት ይላል፣ ከዚያ ሦስት። በሽታ ነው እንጂ የጠባይ ብልሹነት አይደለም። ቢያገረሽብህ አትደበቅ፣ መጥተህ ንገረኝ። ሰው የሚጠፋው ሲደበቅ ነው።»

ታመነ ሰማት፤ እውነትም ተወ። በአዴ ላሊሴ አረቄ ቤት በር ሲያልፍ ምራቁን ከመዋጥ በቀር ሌላ ነገር አልዋጠም።

ታዲያ የሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ይህን ሰምቶ ዝም ይበል? ወንጌላዊ ኤልቃና እሑድ መድረክ ላይ አወጣው። «የክኒኑን ወሬ ግን አታንሣ፣ ነገሩን ያቀዘቅዘዋል» ብሎ በጆሮው ሹክ አለው። ታመነ የክኒኑን ወሬ ዘሎ ለአረቄ ሲል ኮቱን መሸጡን ተናገረ። ሕዝቡ «አሜን!» ሲል ታመነ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ደስታ አይቶ አያውቅም። ማን አጨብጭቦለት ያውቃል? ብሎኬት ያጨበጭባል እንዴ!

በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ኮት ቢሸጥ አሜኑ ሳሳ። ስለዚህ አልጋውን ሸጠ። አልጋውም ሲለመድ የቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎ ሸጠ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የታመነ ምስክርነት ግን እያደር ይወፍር ጀመር። በመጨረሻ በአማቱ ቀብር ላይ ሰክሮ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። አማቱ ተፍኪ ቁጭ ብላ በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ ሕዝቡ ይንሰቀሰቃል። ወይ ጉድ!

ዝናው ቡራዩ ደረሰና ተጠራ። ያን ዕለት ጠዋት ታክሲ ሊይዝ ወጥቶ የመጣውን ሁሉ ያሳልፍ ጀመር። የማያውቁት ሰዎች ፊት፣ ያልሞተች አማት መቅበር ቀላል ነው? አዴ ላሊሴ ከበሯ ሆና አየችው።

«አካም ቡልቴ፣ ታመነ! ጠፋህ እኮ!»

አንድ መለኪያ ብቻ፤ ለድፍረት። ከዚያ ማስቲካ አኘከበትና ሄደ። ቡራዩም እንደዚያ ቀን አልቅሳ አታውቅም ተባለ። ከዚያ ወዲያ አረቄ እንዴት እንደተወ ለመናገር አረቄ ሳይጠጣ የወጣበት መድረክ የለም። ሲስተር ሚንሃ ደውላ «ቀጠሮህን ለምን ቀረህ?» ስትለው «አገልግሎት በዛብኝ» አላት።

በዚህ መካከል ተስፋነሽ ስልክ መታች። «ሰው ሁሉ ስላንተ ያወራል። እሑድ ሱሉልታ ትመሰክራለህ አሉ፤ እመጣለሁ። እውነት ከሆነ ልጃችንን ይዤ ቤቴ እገባለሁ።» ታመነ ከደስታው ብዛት እንቅልፍ አጣ፤ ከፍርሃቱ ብዛት ደግሞ እሑድ ጠዋት ሁለት መለኪያ ጠጣ።

ሱሉልታ መድረክ ላይ ሲወጣ ከፊት ወንበር ላይ አያት። ነጠላዋን አጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጣለች። አፍንጫዋን ያውቀዋል፤ ሲወርድ ልታቅፈው ነው፣ ስታቅፈው ልታሸተው ነው። ኮቱን፣ አልጋውን፣ ቆርቆሮውን ፈለጋቸው፤ አንዱም አፉ ላይ አልመጣለትም።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ዛሬ ጠዋት ጠጥቼ ነው የመጣሁት። ስጠጣም ሰንብቻለሁ። አማቴም አልሞተችም።»

ወንጌላዊ ኤልቃና ዘሎ ማይኩን ነጠቀው። «አያችሁ ትሕትናውን! ራሱን እንዴት እንደሚያዋርድ አያችሁ! ሃሌሉያ በሉ!» ኪቦርዱ ጮኸ፣ ሕዝቡ ተነሣ። አቤት የዚያን ቀን አሜን! ኮቱም ሆነ ቀብሩ እንዲህ ያለ አሜን አግኝተው አያውቁም።

ታመነ ሮጦ ወጣ። ተስፋነሽ ተከትላው በሩ ላይ ደረሰችበትና ጠጋ ብላ አሸተተችው።

«ትሸታለህ።»

«አዎ።»

«ግን አልዋሸህም።»

«አልዋሸሁም» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። «ዛሬ ተፍኪ እመለሳለሁ» አለችው፤ «ነገ ግን መጥቼ ሲስተሯ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ስትታከም አብሬህ ነኝ።» ታመነ እፎይ አለ። ከዚያ ሁሉ አሜን ይህቺ ቃል ጠቀመችው።

ይህን ሲባባሉ ወንጌላዊ ኤልቃና ላቡን እየጠረገ መጣ። «ወንድም ታመነ! የለገዳዲ ወንድሞች ለሚቀጥለው እሑድ ፈልገውሃል። ያቺን ‹ዛሬ ጠዋት ጠጥቼ ነው› ያልካትን እዚያም ትደግማታለህ። እንዴት ያለች ነገር ናት!»

ታመነ «አይሆንም» ሊል አፉን ከፈተ። ከአዳራሹ አሜኑ ገና ይሰማል። ዓይኑ ወደዚያ ሄደ፤ ምራቁን ዋጠ።

ተስፋነሽ ጉሮሮውን አየች። ያንን አዋዋጥ ድሮ አብረው በላሊሴ በር ሲያልፉ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ይሄንንም ለሲስተሯ ትነግራታለህ» አለችና ክንዱን ጨብጣ ወደ ታክሲው ጎተተችው።