ነጠላ ነጠላ ዛፎች

ግሩም እናቱን የገደለው ቀስ ብሎ የሚነዳ መስሎት ነው። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሲመለሱ ጉም ወርዶ ነበር፤ አሮጌዋ የአባቱ መኪና ከመታጠፊያው ወጥታ ገደል ገባች። እናቱ ሞተች፣ እሱ ክንዱን ተሰብሮ ተረፈ። ትራፊክ ፖሊሱ የጎማውን ምልክት ለክቶ፣ ሲበርር ነበር አለ። ግሩም ግን ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ "ቀስ ብዬ ነበር።"

ነገ አርባዋ ነው። አባቱ አቶ ኃይለ መስቀል፣ ዕድሜያቸውን በኮተቤ መንገድ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው፣ ቀስ ብሎ ከነበረ የእግዜር ነው፣ ይምጣ፤ ፈጥኖ ከነበረ ግን መቃብሯ አጠገብ እንዳላየው ብለዋል።

እህቱ ቀጸላ ሥነ ልቦና ታስተምራለች። የሁለቱ መኳረፍ ስለሰለቻት ግሩምን ይዛው ወደ አባታቸው ቤት መጣች። አባትየው ሰላምታውን አልመለሱለትም።

"አባዬ፣ እሱ አልዋሸም። ዓይኑ ነው የዋሸው" አለች ሳትቀመጥ።

ዓይን ፍጥነትን የሚያውቀው በግራና በቀኝ ወደ ኋላ በሚሮጡት ነገሮች እንደሆነ፣ ጉም ሲሸፍናቸው የሚበርር ሰው የሚያዘግም እንደሚመስለው፣ ተማሪዎቿን በምታስረዳበት ድምፅ አስረዳቻቸው።

አቶ ኃይለ መስቀል ቀና አሉ።

"በትምህርት የታወቀ ነገር ነው?"

"የታወቀ ነው።"

ትንፋሻቸውን ለቀቁት። ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር የላላ መሰላት።

"የፍጥነት መለኪያው እንደሆነ ከተበላሸ ቆይቷል" አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። "ታዲያ ምን እያየ ነዳ?"

ቀጸላ ልትመልስ ስትል ትዝ አላት። ያንን መለኪያ አባቷ አላሠሩትም፤ ለሾፌር ዓይኑ ይበቃዋል ይሉ ነበር። ሁለቱንም መንዳት ያስተማሯቸው በዚያችው መኪና፣ በዚያው የእንጦጦ ቁልቁለት ነው። "ባሕር ዛፎቹ ነጠላ ነጠላ ሆነው ከታዩአችሁ ቀስ ብላችኋል። ከተጣበቁ ፍሬን ያዙ።" በጉም ውስጥ ግን የቱንም ያህል ቢበርሩ ዛፍ ሁሉ ነጠላ ነው፤ አንዱ ብቅ ሲል ያለፈው ይጠፋል።

ወደ ግሩም ዞረች። መሬት መሬት ያያል። እሱ ይህን ከእሷ በፊት ደርሶበታል፤ ምን እያየ እንደነዳ ለማንም ያልተናገረው ጥፋቱ በአባታቸው ላይ እንዳይወድቅ ብሎ ነው።

"አንተን ነው" አሉ አባትየው፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን አናግረው። "ምን እያየህ ነበር?"

"ምንም አላየሁም፣ አባዬ። ፈጥኜ ነበር። ዋሽቼ ነው።"

የአባትየው ፊት ተመልሶ ተዘጋ።

"ግሩም..." አለች ቀጸላ።

"ተይው በቃ። አንቺም አትድከሚ።"

በደህናው እጁ ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ። አባቱን አላያቸውም። ወጣና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።