እግር መሬት ይንካ

ከፖሊስ ማሠልጠኛው በአንደኛነት በተመረቅሁ በሦስተኛው ወር፣ ብስክሌተኞች የ«ቁም» ምልክትን አያከብሩም የሚል አቤቱታ ስለበዛ፣ ጂሎንግ ከተማ ውስጥ ከባሕሩ ዳር ከፍ ብሎ ባለ መስቀለኛ መንገድ ላይ ተመደብሁ። አለቃዬ ሳጅን ዶሃን የሰጠኝ መመሪያ አንድ ነበር፤ ብስክሌተኛ ቆመ የሚባለው እግሩ መሬት ሲነካ ነው። በየትኛው አንቀጽ ብዬ አልጠየቅሁም።

ሌስ ትሬምባትን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ በየማለዳው ማዶ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ያለችውን ባለቤታቸውን ኖርማን ቁርስ ሊያበሏት በብስክሌት ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ቀን ምልክቱ ጋ ሲደርሱ እግራቸውን ከፔዳሉ ሳያነሡ ብስክሌቱን በሚዛን አቆሙት። ጎማው ንቅንቅ አላለም። ግራ ቀኝ አይተው ሲሻገሩ አስቆምኋቸው።

«እግርዎ መሬት አልነካም» አልኋቸው።

«ከዚህ በላይ እንድቆም ከፈለግሽ ሐውልት አሠሪልኝ።»

ከዚያ ለስለስ ብለው አስረዱኝ። የግራ ዳሌያቸው አልቋል፤ መራመድ ያቅታቸዋል፣ ፔዳል መምታት ግን አላቃታቸውም። እግር አውርዶ እንደገና መነሣት ነው ጭንቁ። እኔም ሕግ ሰው አይመርጥም ብዬ፣ ለዛሬ በማስጠንቀቂያ እንዳለፍኋቸው፣ ከነገ ጀምሮ ግን እንደምቀጣቸው ነገርኋቸው።

«ሕግ ነው ካልሽ እሺ» አሉ። «ስድሳ ዓመት ስነዳ ተቀጥቼ አላውቅም። በእርጅና አልጀምርም።»

በማግሥቱ ከሩቅ አይተውኝ ፍሬን ያዙ። መንገዱ ላይ አንድም መኪና አልነበረም። ግራ እግራቸውን አወረዱ፤ ዳሌያቸው ከዳቸው፤ ብስክሌቱ ላያቸው ላይ ወደቀ። ሮጬ ስደርስ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አየሽ አይደል?» አሉኝ። «ነክቷል።»

አምቡላንሱ ከወሰዳቸው በኋላ ደንቡን ገለጥሁት። ተሽከርካሪው ፈጽሞ ይቁም ይላል፤ ስለ እግር አንዲት ቃል የለውም። ይህንኑ አንቀጽ በፈተና ላይ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። ለሳጅን ዶሃን ሳሳየው፣ እሱንም የቀደሙት እንደዚያ እንዳስተማሩት ነግሮኝ ሻዩን መጠጣቱን ቀጠለ።

ሆስፒታል ሄጄ እውነቱን ነገርኋቸው፤ ያን ቀን ትክክል የነበሩት እርሳቸው እንደሆኑ፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ ብስክሌት አይነዱም ያላቸውም በእኔ ጥፋት እንደሆነ። እንዲቆጡኝ ተመኘሁ።

«ኖርማ ዛሬ ቁርሷን በማን እጅ በላች?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ስመጣ በኖርማ መኖሪያ በኩል አልፌ ስለነበር፣ ተረኛዋ ነርስ እንደሞከረች ነገርኋቸው።

«ከሌላ ሰው እጅ አትበላም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።