ያልተጨረሰው ድሪቶ

ትእዛዙ ከሰቆጣ ደርሶ ገና ውሃ እንኳ ሳይቀምስ፣ ጥግ የተከመረውን ጨርቅ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

«ይኼን ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው፣ እትዬ?»

«እጨርሰዋለሁ» አለች ታላቅ እህቱ እታለም።

ጨርቁ የእናታቸው የወለተ ገብርኤል ድሪቶ ነው። አሮጊቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃፍ ተቀምጠው የልጆቻቸውን አሮጌ ልብስ ቁራጭ በቁራጭ ሲገጣጥሙ ቆይተው፣ ላዩ ሳያልቅ፣ ዳሩ ሳይዘመዘም፣ ገበርም ሳይለብስ ሞት ቀደማቸው። አርባቸው ሊወጣ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። በአርባው የሟች ልብስና መኝታ በንስሐ አባት እጅ ለድኻ ይሰጣል፤ ገበር የሌለው ድሪቶ ግን ልብስም አይደል፣ መኝታም አይደል።

«ድኻም አይቀበለው» አለ ትእዛዙ። «ለአህያዋ ጀርባ መደላድል ይሁን። እኔ አዲስ ብርድ ልብስ ገዝቼ እመጣለሁ፤ እሱን እንሰጣለን።»

«የእናትህን የእጅ ሥራ ለአህያ?»

«እስከ አርባው ካልጨረስሽውስ?»

«ያኔ እንዳሻህ አድርገው።»

እታለም ይህን ስትል አንድ ነገር ረስታለች፤ መስፋት አትችልም። የበኩር ልጅ ናትና እንጨቱም፣ ከብቱም፣ አጨዳውም በሷ ላይ ነው የወደቀው። መርፌ ባነሳች ቁጥር እናቷ «ያንቺ እጅ ለማጭድ ነው» ብለው በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ እየተቆጡ ይነጥቋት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ከጨርቁ ይልቅ ጣቷን ወጋች። ጎረቤቷ ደብሬ መጥታ አየችና «ይኼማ የዶሮ ዱካ ነው!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። እታለም አብራት ሳቀች፤ ከዚያ ፈታችው፤ መልሳም ጠቀመችው። በአራተኛው ቀን ስፌቷ ቀጥ ባይልም መያዝ ጀመረ።

ስትሰፋ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ለየቻቸው። ይኼ የትእዛዙ የካኪ ሱሪ ነው፣ ኪሱ እንኳ አልተፈታም። ይኼ ዓረብ አገር የሄደችው የእህቷ የምህረት ቀይ ሻሽ። ያ ባለ መስመሩ የሌላው ወንድሟ የደግሰው ሸሚዝ። የራሷን ፈለገች። ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ፈለገች፤ የለም።

ሆድ ባሳት። ሌሎቹ ሲበተኑ ከእናቷ ጎን ያልጠፋችው፣ አስታማ የቀበረቻቸው እሷ ናት፤ አንዲት መዳፍ የምታህል ጨርቅ እንኳ ነፈጓት! ድሪቶውን ወርውራ ወደ በረት ወጣች። አህያዋን አየቻት። አህያዋም ቀና ብላ አየቻት።

«ኧረ አታገኚውም!» አለቻትና ተመልሳ መርፌዋን አነሳች።

ሦስት ቀን ሲቀር ላዩ አለቀ። አሁን ገበር ያስፈልጋል። የአምደወርቅ ገበያ የሚውለው ከአርባው በኋላ ነው፣ ቤቱ ውስጥም ይህን የሚያህል ጨርቅ የለም። ዓይኗ እናቷ ታመው በተኙበት መደብ ላይ አረፈ። ትራሳቸው በጨርቅ የተጠቀጠቀ ነው።

«ተይ!» አለቻት ደብሬ። «የሟች ትራስ አርባው ሳይወጣ አይፈታም።»

«እናቴ ትቆጣ እንደሆነ እኔን ትቆጣ» አለች እታለም። አማተበችና የትራሱን ስፌት ቀደደችው።

ውስጡ የነበረው ውዳቂ ጨርቅ አልነበረም። ተጣጥፎ የተቀመጠ አንድ ሰፊ ጨርቅ ወጣ። ስትዘረጋው ከቀሚሶች የተገጣጠመ ነው። አረንጓዴው የሰርጓ ነው። ትከሻው የተጣፈው እንጨት ስትሸከም የለበሰችው ነው። ሰማያዊው፣ ቡኒው፣ አርጅቷል ብላ ለእሳት መለኮሻ የጣለችው ሁሉ፣ የሷው ነው። ስፌቱ ደቃቅና ቀጥ ያለ የእናቷ ስፌት ነው። ድሪቶው ላይ ስታነጥፈው ልኩ ሆነ። እናቷ ገበሩን ቀድመው አዘጋጅተው፣ በዚያ ሁሉ የሕመም ወራት ተንተርሰውት ኖረዋል።

እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። ሲበቃት ትራሱን ገለባ ሞልታ ሰፋችው፤ ከዚያም ክር አስገባች።

በአርባው ቀን ትእዛዙ አዲሱን ብርድ ልብስ ከነፌስታሉ ታቅፎ ገባ። ድሪቶው መደቡ ላይ ተዘርግቷል። ዙሪያውን ዞረው። የካኪውን ኪስ ሲያገኝ ጣቱን ከተተበትና ፈገግ አለ። ቁራጮቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

«የሁላችንም አለ። ያንቺስ የታል፣ እትዬ?»

እታለም ጫፉን ይዛ ገለበጠችው።

ትእዛዙ ጎንበስ ብሎ ሰማያዊውን ቀሚስ በመዳፉ ዳበሰው።

«ይቺን አውቃታለሁ» አለ። «በዚች ነው ያዘልሽኝ።»

«አዲሱን ለንስሐ አባት ስጥ» አለች እታለም። «ይኼ የኔ ነው።»