ከገመዱ ወዲያ

«ሞተሩን ሳያጠፋ ሰው ያወረደው አብራሪ ነው ቢሰጥን የገደለው» አለ ላቀው።

«ወንድምህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ወደዚያች አውሮፕላን እንዳይጠጋ ሲከለክል የኖረ ነው» አሉ አጎቱ ገብረሰንበት። «አህያ እንኳ ገመዱን አያልፍበትም ነበር። ታዲያ እሱን ራሱን ምን አስገባው?»

«የሚጠይቁኝ እንደ አጎት ነው እንደ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር?»

«ከአውራጃ ወረቀት ጻፍ ተብያለሁ። ምክንያት ካጣሁ ጠጥቶ ነበር እላለሁ።»

«ቢሰጥ ሥራ ላይ ጠላ አይቀምስም።»

«እኮ ምን አስገባው?»

የቢሰጥ እናት እናኑ ከምሰሶው ሥር አጎንብሳ ተቀምጣለች። ዛሬ ሰልስቱ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል፤ መልሱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ፣ መድኃኒትና ሰው የምታመላልሰው ትንሽ አውሮፕላን በመጣች ቁጥር ቢሰጥ ከብት ያባርራል፣ ገመድ ይወጥራል፣ ቀይ ጨርቅ ይዞ ይቆማል። «እማ፣ አፍንጫዋ ላይ ያለው ውልብልቢት ሲዞር አይታይም፤ ባዶ አየር ይመስላል» ይላት ነበር። «ሰው ከክንፏ ኋላ ይዞራል እንጂ በፊቷ አያልፍም።»

ጥቅምት ላይ አንድ ሽማግሌ ጓዛቸውን ራሳቸው ተሸክመው ሲወርዱ ቢሰጥ ከገመዱ አልተነቃነቀም። እናኑ ወሬውን ገበያ ላይ ሰማች። ምሳውን አቅርባ፣

«ሽማግሌ ሸክም ይዞ እያየ የሚገተር ልጅ አልወለድሁም» አለችው። «አንገቴን አስደፋኸኝ።»

«ሞተሩ እኮ አልቆመም፣ እማ።»

«የቆመውስ እግርህ ነው።»

ምግቡን ሳይጨርስ ተነሣ።

ቢሰጥ በሞተባት ቀን ግን እናኑ ራሷ ከገመዱ ኋላ ነበረች። የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ዮሐንስ እግራቸውን ታክመው፣ በምርኩዝ ወረዱ። ሞተሩ ያጓራል። አባ ጓዛቸውን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ቢሰጥ ዞሮ እናቱን አያት። በአገጯ ብቻ ወደ አባ አመለከተችው። ቀይ ጨርቁን ጥሎ በአቋራጩ፣ በአውሮፕላኗ ፊት በኩል ሮጠ።

«በቃ፣ ጠጥቶ ነበር ይባላል» አሉ ገብረሰንበት።

«አልጠጣም» አለች እናኑ። «ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ ተይ እናኑ፣ እንዲህ አይባልም» አሉ ሴቶቹ፣ ትከሻዋን ይዘው። «ልጅ የቀበረች እናት ሁሉ ይህንኑ ትላለች።»

«ምሳውን ሳይጨርስ አስነሣሁት። ሩጥ ያልሁት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። አንዷ ቃሏን ተቀብላ ሙሾ አደረገችው፤ ሌሎቹ ደረት እየመቱ ተከተሏት። እናኑ ሦስተኛ ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ ግን ከለቅሶው ተለይቶ የሚሰማ አልነበረም።

አባ ወልደ ዮሐንስ ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ደብራቸው ሳይመለሱ ከበሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። አሁን ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ጓዛቸውን ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ የእናኑ እጆች ከነጠላዋ ውስጥ ወጡ፤ ወደፊት ተዘረጉ። ከዚያ መልሳ ሰበሰበቻቸው፤ ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻቸው።

ላቀውና ገብረሰንበት ክርክራቸውን እንደገና ጀመሩ። ሽማግሌው አባ ሸክማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ እያነከሱ ወጡ።