ጋሼ ክብረት ከፊት ሲሄዱ

በ1996 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከካልጋሪ ከተማ ወጥተው አንድ ተራራ ሥር ባለ ጫካ ውስጥ የገቡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ጋሼ ክብረትና በከተማዋ ቴምፕል ሰፈር የሚኖረው ጉልላት። የጋሼ ልጅ ሠናይት ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ጋር ቀድማ ወጥታ፣ ተራራው ላይ ባለችው የእንጨት ጎጆ ምሳ ይዛ ትጠብቃቸዋለች። ጉልላት ሠናይትን ለማግባት በማግሥቱ ሽማግሌ ሊልክ ነውና፣ ዛሬ አባቷን በሰላም ማድረስ ነበረበት። መንገዱንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ግን እንዴት አድርጎ ጋሼን ቀድሞ ይሂድ? ከኋላ ተከተላቸው።

መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ጋሼ ሳያመነቱ ወደ ግራ ታጠፉ። ጉልላት ወደ ቀኝ መስሎት ነበር። እርምጃቸው ግን ቆራጥ ስለሆነበት፣ «ምናልባት አቋራጭ ያውቁ ይሆናል» አለ በልቡ። ጋሼ አልፎ አልፎ ዞር ብለው ያዩታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይከተላል።

ኮረብታው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጎጆ የለም። ከሸለቆው ማዶ፣ ሌላው ኮረብታ ላይ አንዲት ጣሪያ ታየች።

«ያቺ ምንድን ናት?» አሉ ጋሼ።

«ጎጆዋ ትመስለኛለች፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ልንሠራ መጣን?»

«እርስዎ ሲታጠፉ ጊዜ... መንገዱን የሚያውቁት መስሎኝ።»

«ካልጋሪን በቅጡ ያላወቅሁ ሰው ጫካውን ላውቅ? አንተ ዝም ስትል ልክ ነኝ ብዬ ነዋ የሄድኩት።» ጋሼ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «አሁንስ ታውቀዋለህ?»

ጉልላት ማወቁን ራሱም መጠራጠር ጀምሮ ነበር።

«በል ቅደም» አሉት።

ጎጆዋ ጋ የደረሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ ጋሼም መልሱን ለወር ቀጠሯቸው።