ሊሻን ያልተሳፈረችበት ፉርጎ

ጠና እባላለሁ። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የልጆች መጫወቻ የባቡሩን በር የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ነኝ። ባቡር ስላችሁ ትልቁ እንዳይመስላችሁ፣ ልጆቼ። በመብራት የሚሄድ፣ በባሕር ዛፎቹ ሥር ሦስት ጊዜ ዞሮ የሚቆም ትንሽዬ ነገር ነው። ሰባት ፉርጎ አለው። ስድስቱ ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጥና ሆዳቸው ላይ ብረት ይቆለፋል። የመጨረሻው ግን ሰፊ ነው። ወንበር የለውም፣ ወለሉ ልሙጥ ነው፤ በጎኑ መሬት ድረስ የሚወርድ መወጣጫ ብረት አለው። በሩ ላይ የዊልቸር ሥዕል ተስሏል። የቦታው ባለቤት ማቴዎስ አዲስ አበባ አይቶ መጥቶ ነው እዚሁ ብረት በያጅ ጋ ያሠራው።

«አባባ ጠና፣ ይሄ በእግራቸው መሄድ ለማይችሉ ነው» አለኝ ያን ጊዜ።

«ገባኝ» አልኩት። አልገባኝም ነበር።

ባለፈው ዓመት ያሆዴ፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ በዋለ ማግስት ነው። ዘመን ተለውጦ፣ ሰው ከየገጠሩ አዲስ ልብሱን ለብሶ ወደ ከተማ ወጥቷል። ግቢያችን መቆሚያ አልነበረውም። ሃቢባ ልጇን ሊሻንን በዊልቸር እየገፋች መጣች። ሃቢባን ታውቋት ይሆናል፤ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ትሸጣለች። አያቶቿ ከጉራጌ የመጡ ናቸው፣ ሀዲይኛውን ግን ከእኔ ባልተናነሰ ታወራዋለች። ሊሻን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እግሯ ከልጅነቷ አልታዘዘላትም፣ ደረቷም ብርድ አይችልም። አፏ ግን ጤነኛ ነበር።

«አባባ፣ የቱ ነው የኔ?»

«ያ ሰፊው።»

«ሾፌሩስ ማን ነው?»

«ፈትሁዲን።»

«ውይ! ባጃጅ ቦይ ውስጥ የከተተው?»

ፈትሁዲን ከፊት ሆኖ ሰማትና «አንቺ! እኔ አልከተትኩትም፣ ባጃጁ ነው እኔን ይዞኝ የገባው!» ብሎ ጮኸ። እሷም እናቷም እኔም ሳቅን።

በሩን ልከፍትላት እጄን ስዘረጋ አምስት ሽማግሌዎች ከኋላዋ መጥተው ቆሙ። ከሀቢቾ ነው የመጡት። በዕድሜ ትልቁ ሰውዬ ዱላቸውን ተደግፈው፣ «እኛስ በየት እንግባ? ጉልበታችን ለዚያ ለጠባቡ አይታጠፍም» አሉኝ። እንግዲህ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ቆሞ ልጅ አይቀድምም። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እንደ ትንፋሽ ከእኔ ጋር ያደገ ነገር ነው። ሰውነቴ በራሱ ወደ እሳቸው ዞረ። ሊሻን ደግሞ እኔ ሳልናገር ቀድማኝ፣ «ይቅደሙ አባባ፣ እኔ ቀጥዬ እገባለሁ» አለች። ሃቢባ ጥሩ አድርጋ ነው ያሳደገቻት። ሽማግሌዎቹ መረቋት። እኔም የፕላስቲክ ወንበር አስገባሁላቸውና ሄዱ።

በሁለተኛው ዙር ሚስቶቻቸው መጡ። ባሎቻቸው ዞረው እነሱ ሊቀሩ ነው እንዴ? በሦስተኛው ሙሽሮች መጡ፤ ቪዲዮ የሚያነሳው ሰው በጠባቡ ፉርጎ ቬሎው አይታይም አለ። በአራተኛው ከሀደሮ የመጡ እንግዶች ነበሩ፣ እንግዳ ደግሞ አይቆምም። በአምስተኛው አንዲት መንታ የታቀፈች ሴት። በስድስተኛው እኚያ የመጀመሪያው ሽማግሌ ተመልሰው፣ «ቅድም በግራ በኩል ስለተቀመጥኩ ከተማውን በደንብ አላየሁትም» አሉ። ሊሻን ስቃ አሳለፈቻቸው።

ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ማንም አልገፋትም። ሁሉም አመስግነዋት፣ ግንባሯን ስመዋት ነው ያለፉት። እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ይኸው ነው፤ አንድ ባለጌ ቢኖር ኖሮ በእሱ ላይ አሳብቤ እተኛ ነበር።

በሰባተኛው ዙር መወጣጫውን አወረድኩላት። ሃቢባ ገፋቻት። የዊልቸሩ የፊት ጎማ ብረቱ ላይ ወጣ፤ «ቀጭ» አለ። ልክ ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።

ይመጣል ብለን ጠበቅን። ሙዚቃው ቆሞ፣ ሰው እየሳሳ፣ ነፋሱ እየበረታ ሄደ። ሃቢባ ሻርፗን አውልቃ ልጇን ደረቷ ላይ ጠቀለለቻት። በመጨረሻ ሊሻን ቀና ብላ አየችኝ።

«ሌላ ቀን እመጣለሁ፣ አባባ። ይያዙልኝ።»

«እይዝልሻለሁ፣ ልጄ።»

በሦስተኛው ሳምንት ቀበሯት። ያው ደረቷ ነው። ለቅሶ ደርሼ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሃቢባ ስታየኝ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለችና፣ «ሆስፒታል ተኝታ ለነርሶቹ ሁሉ ስትነግር ነበር፣ አባባ። ስድስት ጊዜ አሳለፍኩ፣ ስድስት ጊዜ ተመረቅኩ እያለች። ኮርታ ነበር» አለችኝ። ምነው በጥፊ በመታችኝ።

ሥራዬ ላይ ተመለስኩ። በሳምንቱ ይመስለኛል፣ አንዲት ሴት ከእነልጆቿ በሰፊው ፉርጎ ልትገባ መጣችና መወጣጫውን አወረድኩ። «ቀጭ» አለ። ብረቱ ላይ ማንም አልነበረም። ሴትዮዋ ገና ወዲያ ማዶ ቆማ የልጇን ጫማ ታስራለች። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ድንጋይም የለ፣ የላላ ብሎንም የለ። ሴትዮዋን «ተበላሽቷል» ብዬ ወደ ጠባቡ መራኋት። ባቡሩ ባዶውን ፉርጎ እየጎተተ ዞሮ ሲመለስ ፈትሁዲን አንገቱን አውጥቶ፣ «አባባ፣ ኋላ ማንን ጫኑ? መታጠፊያው ላይ ሞተሩ ከበደው» አለኝ።

«ማንንም።»

«ይቀልዳሉ?»

«አልቀልድም።»

ፈትሁዲን ነገር ሁሉ ጨዋታ የሚሆንለት ልጅ ነው። ያን ቀን ግን ባዶውን ፉርጎ አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ወዲህ መወጣጫውን ባወረድኩ ቁጥር ያው ድምፅ። አንዴ ብቻ፣ «ቀጭ»። ጎማው ወጥቶ እንደ ቆመ፣ ሊገባ እንደሚጠብቅ። እኔም ፉርጎውን ለማንም አልሰጥም አልኩ። ሽማግሌ ይምጣ፣ ሙሽራ ይምጣ፣ «ሰው አለበት» እላለሁ። ሰው ደግሞ ተይዟል ሲባል ጨዋ ነው፣ ይመለሳል። ማቴዎስ ይህን ሲያይ ደስ አለው። «አሁን ገና ሕጉን አስከበሩልኝ፣ አባባ! ለዊልቸር የተሠራ ለዊልቸር ብቻ!» አለኝ። እኔ ሕግ አላስከበርኩም። በከተማችን ዊልቸር ያለው ሰው ስንት ነው? ያለውስ ቢሆን ያንን ሁሉ ኮብልስቶን አልፎ መቼ እኛ ጋ ይደርሳል? ፉርጎው ወራቱን ሁሉ ባዶውን ዞረ። ባዶውን ከተባለ ነው።

ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት ልጇን በነጠላ አዝላ መጣች። አስካለች ትባላለች፣ የሆመቾ ሰው ናት። ልጅቱ ሐዳሳ ስድስት ዓመቷ ነው። እግሯም ወገቧም አልጠና ብሎ እናቷ ጀርባ ላይ እንደ ጨቅላ ታዝላለች፤ ዓይኗ ግን ባቡሩን ከፊት እስከ ኋላ ይቆጥራል።

አስካለች መጀመሪያ ጠባቡ ፉርጎ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቱ መቀመጥ አልቻለችም። ወደ ፊት ተደፍታ ግንባሯ ብረቱን መታው። እናቷ ቶሎ አንስታ ግንባሯን አሸችላትና ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ እዚህ ሰፊው ውስጥ ወለሉ ላይ አብሬያት ልቀመጥ። ደግፌ ከያዝኳት ትችላለች።»

«ሰው አለበት።»

አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። «የታለ?»

«ይመጣል።»

«እሺ፣ እጠብቃለሁ።»

አንድ ዙር ጠበቀች። ፉርጎው ባዶውን ሄዶ ባዶውን መጣ። ሁለተኛ ጠበቀች። ልጅቱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረቻት። በሦስተኛው ዙር ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ፤ «ይሄ የሚመጣው ሰው፣ ከየት ነው የሚመጣው?»

ምን ልበላት? ሐፍረት ሲይዘኝ ደግሞ ቁጡ እሆናለሁ። በሩ ላይ ያለውን ሥዕል በጣቴ መታሁት።

«ይሄን አታዪም? የዊልቸር ነው! ልጅሽ ዊልቸር የላትም!»

አስካለች ዞራ ጀርባዋን ሰጠችኝ። የተናደደች መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያሳየችኝ ነው።

«ይኸው ዊልቸሯ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልቆመ። ከሆመቾ እዚህ ድረስ ያመጣት እሱ ነው። ሥዕሉ ላይ እኔንም ይጨምሩኛ፣ አባባ!»

ሰልፉ ላይ የነበሩት ሳቁ። አንዷ «እውነቷን ነው!» አለች። ከዚያ ሳቁ ቆመ፣ ሁሉም እኔን ማየት ጀመረ። እኔ ግን የማየው ልጅቱን ነበር። ከእናቷ ትከሻ ላይ አገጯን አንስታ በሀዲይኛ፣ ልስልስ ባለ ድምፅ፣ «እማ፣ ተይው። ሌሎቹ ይሂዱ፣ እኛ በኋላ» አለች።

በስድስት ዓመቷ ማሳለፍ ተምራለች። ማን አስተማራት? እኔና እኔን የመሰለ ሁሉ ነን። ይህቺን ዛሬ ብመልሳት ነገም ትጠብቃለች፣ ከነገ ወዲያም፣ እየተመረቀች።

ባስገባትስ? ባስገባት ያቺኛዋ ለሰባተኛ ጊዜ ልታሳልፍ ነው። እይዝልሻለሁ ብያታለሁ። አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አሁንም ቆይ፣ አንቺ ተይ፣ ሌላ ሰው አለ ልበላት? ፈትሁዲን ከፊት ወርዶ ከአጠገቤ ቆመ።

መወጣጫውን አወረድኩ።

«ቀጭ።»

ጎንበስ ብዬ ጭንቅላቴን ወደ ፉርጎው አስገባሁ። ባዶ ነው። የብረቱ ሽታ፣ ትንሽ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ሰው እብድ ነው ቢለኝ ይበለኝ ብዬ በአማርኛ፣ እሷ ከእኔ ጋር በምታወራበት ቋንቋ፣ ቀስ አድርጌ ተናገርኩ።

«ሊሻን፣ ልጄ። ልቀቂ አልልሽም። ሁለተኛ ልቀቂ አልልሽም። ቦታው ሰፊ ነው። ጠጋ በይላት ብቻ።»

ምንም አልሰማሁም። ቆየሁ። ከዚያ ወለሉ ላይ ጎማ ሲንከባለል ሰማሁ። ከበሩ ገባ፣ ዝግ ብሎ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ግራው ግድግዳ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ቀና ስል አስካለች ፊቷ ተለውጧል። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛዋለች። የሰማችውን አልጠየቅኳት፣ እሷም አልነገረችኝም።

«በየት በኩል ልቀመጥ?» አለችኝ።

«በቀኝ» አልኳት። «በቀኝ በኩል፣ ግድግዳውን ተደግፈሽ።»

ገባች። ልጇን ፈታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፣ በሁለት እጇ ደረቷን ያዘችላት። ከሰልፉ አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ፣ «ጠና፣ ግራው እኮ ባዶ ነው፣ እኔም ልግባ?» አለ። ፈትሁዲን ከእኔ ቀድሞ መለሰለት።

«አይደለም፣ ጋሼ። ተይዟል።»

በሩን ዘጋሁ። ፈትሁዲን ወደ ፊት ሄዶ ሞተሩን አስነሳ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሐዳሳ እየጮኸች ሳቀች፣ አንገቷን ደገፍ አድርጋ የያዘቻት እናቷም አብራ ሳቀች። እስከ መታጠፊያው በዓይኔ ሸኘኋቸው። ፉርጎው በኩርባው ወደ ግራ ሲያዘነብል የአስካለች ቀሚስ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ወደዚያ ወደ ባዶው ወገን ሄደ። እሷም አንድ እጇን ከልጇ ላይ አንስታ፣ ጎማ እንዳይረግጠው እንደሚደረገው ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ራሷ ሳበችው።